ሰባተኛው ጥያቄ

ቢሮዬን ባዶ ለማድረግ ሁለት ሳምንት ተሰጥቶኝ ነበር፤ በአራት ቀን ጨረስኩት። መጻሕፍቱን ለተማሪዎች አከፋፈልኩ። የመስክ ደብተሮቼን ለሙዚየሙ መዝገብ ቤት አስረከብኩ። በአልኮል ጠርሙስ የተቀመጡትን እንሽላሊቶች ቦታዬን የተካው ወጣት ዶክተር ፊቱን አጨማድዶ ወሰዳቸው። በስንብቱ ግብዣ ላይ የክፍሉ ኃላፊ ስለ እኔ ሲናገር ሦስት ቦታ ተሳሳተ፤ አላረምኩትም፣ የኬኩ ክሬም እየቀለጠ ነበር። ወደ ቤቴ ይዤ የሄድኩት በስቴፕል የተያያዙ ሁለት ካርዶችን ብቻ ነው። ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ የማወራው ስለ በረሃ ድርጭትና ስለ ደሴት እንሽላሊት ነው፤ ስለ ካርዶቹ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ግን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ማን ምን ያደርገኛል።

ሥራዬ የእንስሳት ጠባይ ጥናት ነው። ዘመዶቼ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚሉት፣ እና ሕክምና አይደለም? ነው። አይደለም። እንስሳው ምን ያደርጋል፣ ይህን በማድረጉ ምን ይጠቀማል፣ ጠባዩንስ ከየት አመጣው ብሎ መጠየቅ ነው። አንዱ ወፍ ጫጩቶቹን ጥሎ ሲሄድ ሌላው ለምን ይቀራል? ይህን ለማወቅ ወራት ሙሉ አጥር ሥር ቁጭ ማለት ያስፈልጋል። ለዚህ ደመወዝ ይከፈላል ወይ ይሉኛል። አዎ፣ ትንሽ፣ እላቸዋለሁ።

ሎስ አንጀለስ የገባሁት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ በባዮሎጂ ከተመረቅሁ በኋላ፣ ለዶክትሬት ትምህርት ነው። ፓልምስ በሚባል ሰፈር ከሁለት ሐበሻ ነርሶች ጋር አንድ አፓርታማ ተጋራን። እነሱ ተራ እየገቡ ሲሠሩ እኔ ወፍ ልጠብቅ እወጣለሁ፤ ለእናቶቻቸው በስልክ ሲነግሩ "አንዷ እንኳ ገና ሥራ አላገኘችም" ይሉ ነበር።

አስተማሪዬ ዶክተር ኖርማ ትባላለች። ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ የገለባ ባርኔጣ የማይለያት ሴት ነበረች። ኖርማ በይኝ ስላለች እሷ እያልኩ እጽፋታለሁ እንጂ በልቤ አንቱ ነበረች። እርሳሷ በሲባጎ ታስሮ ከአንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። ፖም ስትበላ እምብርቱንም ፍሬውንም አታስቀርም፤ መጨረሻ ላይ እንጨቷ ብቻ ጥርሷ መካከል ትቀራለች። መስክ ስንደርስ የምትታጠፍ በርጩማዋን ዘርግታ ትቀመጥና ሃያ ደቂቃ አንዲት ፊደል አትጽፍም። መጀመሪያ ቀን ደብተሬን ለመክፈት ስጣደፍ አይታ፣ "ቆይ፣ ወፉ አንቺን አይቶ ይጨርስ" አለችኝ። ይህን እስከ መጨረሻው የሥራ ቀኔ ድረስ ሳደርገው ኖርኩ።

የደብተሯ እያንዳንዱ ገጽ በመሀል መስመር ተከፍሏል። በግራ በኩል ዓይን ያየው ብቻ ይጻፋል፣ በቀኝ በኩል ጸሐፊው የመሰለው። በግራ በኩል "ምክንያቱም" የምትል ቃል ክልክል ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ግራ ላይ "ወንዱ ተናደደ" ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩን ተቀብላኝ፣ በራሷ ላጲስ አጠፋችው፣ ፍርፋሪውን እፍ ብላ መለሰችልኝ። ጎበዝ ብላ ማመስገንም አታውቅም፤ ዝም ካለች ደህና ሠርተሻል ማለት ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ከሁሉ በላይ የምትጠብቀው ግን ካርዶቿን ነው። ጥናት ለምናደርግበት ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ካርድ አለ፣ በካርዱ ላይ አሥራ አንድ ጥያቄ። ጥያቄዎቹ እዚያ ለሚውል ሰው ጮክ ተብለው መጠየቅ አለባቸው፤ መልሱ በሰውየው ቃል፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይጻፋል። ሰባተኛው፣ እዚህ ቦታ ለወፎች ምግብ የሚሰጥ ሰው አለ? ይላል። ምግብ የሚቀርብለት ወፍና ራሱ ለቅሞ የሚያድር ወፍ ሁለት የተለያዩ ወፎች ናቸው፣ ትል ነበር።

የደረሰኝ ወፍ ሞኪንግበርድ ነው። ግራጫ ነው፣ ጭራው ረጅም፣ ክንፉን ሲዘረጋ ነጭ ምልክት ይታያል። የሌሎችን ወፎች ድምፅ ያስመስላል፤ ሲያሻው የመኪና አላርም ሳይቀር። ባልና ሚስት ሆነው ጫጩቶቻቸውን አብረው ይመግባሉ። የኔ ጥያቄ ከሁለቱ አንዱ ሲሞት የቀረው ምን ያደርጋል የሚል ነበር። እስከዚያ ድረስ የሚታመነው፣ ጫጩቶቹ ለመብረር ከተቃረቡ አባት ይቀራል፣ ገና የተፈለፈሉ ከሆኑ ግን ጥሏቸው ሌላ ሚስት ይፈልጋል የሚል ነው። ነገሩ ጭካኔ አይደለም፣ ስሌት ነው። ብቻውን ሊያደርሳቸው ካልቻለ ድካሙ ከንቱ ነው።

ወፎቹን ለይቶ ለማወቅ በቀጭን መረብ እንይዛቸውና እግራቸው ላይ ባለ ቀለም የፕላስቲክ ቀለበት እናደርግላቸዋለን። ወፍ ሲያዝ አንገቱ በሌባ ጣትና በመሀል ጣት መካከል ይገባል፣ ጀርባው መዳፍ ላይ ያርፋል። ደረቱን መጫን አይገባም፤ ደረቱ ካልተንቀሳቀሰ መተንፈስ አይችልም፣ እጅ ውስጥ ሳለ ድምፅ ሳያሰማ ይሞታል። በመጀመሪያው ወር አንድ ገድያለሁ። ኖርማ ግራ በኩል ጻፊው አለችኝ፣ ጻፍኩት።

አሥር ቦታ ነበረኝ። ዘጠኙን እንለፋቸው። አሥረኛው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ነው። ሰፈሩ ያኔ የኢትዮጵያ ስም አልወጣለትም፤ ገና ጥቂት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ናቸው የተከፈቱት። ከእነሱ አንዱ የእትዬ አሰለፈች ነው። ከጀርባው ፓርኪንግ ሎት አለ፣ በፓርኪንጉ የግንብ አጥር ጥግ ጥጉን ቀይ ፍሬ የሚያፈራ እሾሃማ ቁጥቋጦ በቅሏል። ሞኪንግበርድ እንዲህ ያለ ቦታ ይወዳል። ፓርኪንጉን የሚጠብቁት ጋሼ ደምሴ ናቸው።

ጋሼ ደምሴ አገር ቤት መሬት ቀያሽ ነበሩ። ታስረው፣ ተመርምረው፣ በመጨረሻ በሱዳን በኩል የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካርቱም ላይ ሞታባቸው፣ ያኔ አሥር ዓመት የሞላትን ልጃቸውን ጽጌን ይዘው ዓመታት ቆይተው ነው አሜሪካ የገቡት። በርጩማዬን ዘርግቼ ቁጭ ባልኩበት የመጀመሪያ ጠዋት ከጥበቃ ጎጇቸው ወጥተው መጡና "ልጄ፣ ሰው ጠፍቶብሽ ነው?" አሉኝ። ወፍ እየቆጠርኩ ነው አልኳቸው። አልሳቁም። የትኛውን? አሉ። አሳየኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሐይ እንዳይመታኝ ካርቶን ያቆሙልኛል፣ በፕላስቲክ ኩባያ ሻይ ያመጡልኛል፣ እኔ በሌለሁበት የሆነውንም ያወሩልኛል። የቀያሽ ዓይን አላቸው። የወፉ ጎጆ ከግንቡ ስንት ክንድ እንደሚርቅ በአንድ እይታ ይነግሩኛል፤ ስለካው ልክ ናቸው።

ካርዱን መሙላት ነበረብኝ። በዘጠኙ ቦታዎች ያለ ምንም ሐፍረት ጠይቄያለሁ። በአንደኛው ቦታ ማዕዘን ላይ ያሉትን የላውንደሪ ባለቤት፣ ኮሪያዊ ሽማግሌ፣ ደንበኛ እየጠበቃቸው አሥራ አንዱንም ጠይቄያቸዋለሁ። ጋሼ ደምሴ ጋ ስደርስ አፌ አልታዘዝ አለኝ። አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ሻዬን ያመጡልኝ፣ እዚህ ስንት ሰዓት ይውላሉ፣ ማን ፈቀደልዎ፣ ለወፍ ምግብ ይሰጣሉ ብዬ እንደ ፖሊስ ላፋጣቸው? እሳቸው ደግሞ በጥያቄ ብዛት አገራቸውን ጥለው የወጡ ሰው ናቸው። ነውር መሰለኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ካርዱን ራሴ ሞላሁት። ሰባተኛው ላይ ዓይኔን በጨው አጥቤ "የለም" አልኩ። ጥቅስ ውስጥ እንኳ አላስገባሁትም፤ ያን ያህል ለመዋሸት አልደፈርኩም።

በዚያው ጸደይ እግሯ ላይ ቢጫ ቀለበት ያላት እናት የምግብ ቤቱን የጀርባ መስኮት መስተዋት ገጭታ ሞተች። ጋሼ ደምሴ በናፕኪን ጠቅልለው አስረከቡኝ። ጎጆው ውስጥ ሦስት ጫጩቶች ነበሩ፣ ከተፈለፈሉ ሁለት ቀናቸው፣ ዓይናቸው ያልተከፈተ። አባትየው፣ በደብተሬ ቀይ-በሰማያዊ የምለው፣ ግንቡ ላይ ቆሞ ነበር።

"ይሄስ እንግዲህ ምን ያደርጋል?" አሉኝ።

ጥሏቸው ይሄዳል፣ ሁለት ቀን ቢቆይ ነው አልኳቸው። ይህን መናገሬም ስህተት ነበር፤ የምጠብቀውን ነገር ቦታው ላይ ለሚውል ሰው መንገር አልነበረብኝም።

"ጥሏቸው?" አሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ መኪና ገባና ፓርክ ሊያስደርጉ ሄዱ።

ቀይ-በሰማያዊ አልሄደም። በማግስቱም፣ በሳልስቱም አለ። ከሁለት ወላጅ እኩል እየተመላለሰ አበላቸው፤ ሦስቱም በረሩ። እውነቱን ለመናገር ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። በሚቀጥለው ጸደይ በዚያው ፓርኪንግ ዙሪያ ሁለት ጎጆዎች እናታቸው ሞተችባቸው፤ እነዚያም አባቶች ቀሩ፣ አሳደጉ። በሌሎቹ ቦታዎች እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባቸው አባቶች ሁሉ ጥለው ሄደዋል። በእጄ ያለው፣ ሰው ሁሉ ያምንበት የነበረውን የሚገለብጥ ነገር ነው፤ ወይም መሰለኝ።

ኖርማ ደብተሬን ሦስት ጊዜ አነበበችው። እዚያ ቦታ ምን የተለየ ነገር አለ? አለችኝ። ምንም አልኳት። ካርዱን አሳዪኝ አለች። አየችው። ሰባተኛው ላይ ዓይኗ ትንሽ ቆየ፤ ጥቅስ እንደሌለው አይታለች። ግን አመነችኝና መለሰችልኝ።

ጽሑፉን አብረን ጻፍን፤ ስሜ ከፊት፣ ስሟ ከኋላ። አንድ የታወቀ የሙያ መጽሔት ተቀበለው። የመመረቂያ ጽሑፌ ዋናው ምዕራፍ እሱ ነበር፤ ዲግሪዬ፣ አሜሪካ የመቆያ ወረቀቴ፣ የኖርማም የሠላሳ ዓመት ስም እዚያ ላይ ተንጠልጥለዋል። ጋሼ ደምሴን በምስጋናው ክፍል ስምዎን አስገባለሁ ብያቸው ነበር። ይህን ለእትዬ አሰለፈች ነገሯት፤ ለእሷ ከተነገረ ደግሞ ፌርፋክስ ሰማ ማለት ነው።

እሳቸው ግን በዚያ ሰሞን ወገባቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ሥራ አቁመዋል። ጋርዴና የምትባል ከተማ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ መገጣጠሚያ ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው ጽጌ ጋ ነው ያሉት። የስማቸውን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ለመጠየቅና ለመሳለም ሄድኩ። ወገባቸውን በሰፊ ቀበቶ ታስረው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ወረቀት ተቀብለውኝ ስማቸውን ካርታ ላይ እንደሚጻፍ ፊደል ቀጥ ባሉ ትልልቅ ፊደሎች ጻፉልኝ። ደምሴ አበጋዝ። ከዚያ ወረቀቱን ሲሰጡኝ፣ "ታዲያ ሥጋውን አሁን ማን ይሰጣቸዋል?" አሉኝ። "አሰለፈችን አደራ ብያት ነበር፣ እሷ ደግሞ ሥራ ይበዛባታል።"

የምን ሥጋ ጋሼ? አልኳቸው።

አልደበቁም። የሚደበቅ ነገር መሆኑንም አላወቁም። እናትየው ከሞተችበት ቀን ጀምሮ፣ እትዬ አሰለፈች ለክትፎ ከሚከተፈው ላይ ቅቤና ሚጥሚጣ ሳይነካው ትንሽ ታስቀርላቸዋለች፤ እሳቸው የስንዴ ፍሬ እያሳከሉ ይቆራርጡታል፤ ጠዋት አራት ሰዓትና ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ፣ ከቆሻሻው ገንዳ ኋላ ግንቡ ላይ፣ በቲማቲም ጣሳ ክዳን ያስቀምጡታል። የቀያሽ ነገር፣ ከጎጆው ያለውን ርቀት ሳይቀር ነገሩኝ። በሁለተኛው ዓመት ለሁለቱ ጎጆዎችም እንዲሁ።

"ጎጆው ውስጥ አስገብቼላቸው አላውቅም" አሉ። "እሱ የአባትየው ሥራ ነው። እኔ መንገዱን ነው ያሳጠርኩለት።"

ሳቅ ለማለት እየሞከርኩ፣ እኔኮ ብቻውን ያሳደጋቸው መስሎኝ ነበር አልኳቸው።

"ብቻውን? ኧረ እንዴት አድርጎ! እኔስ ጽጌን መች ብቻዬን አሳደግኳት፣ ካርቱም ሳለን ጎረቤት ነው ያበላልኝ።"

ጽጌ ማድቤት ሆና ሳቀች። እኔ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አጠፍኩት። መጽሐፉ መቼ ይወጣል ሲሉኝ፣ ቅርብ ነው አልኳቸው።

ከጋርዴና በቀጥታ ፌርፋክስ ነዳሁ። ክዳኑ እዚያው ግንቡ ላይ አለ፣ ዝጓል። ሁለት ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ። የሲጋራ መተርኮሻ ነው የመሰለኝ።

ሁለት ቀን ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። ለራሴ ብዙ ነገር ነገርኩት። የመመላለሻውን ቁጥር አልፈበረክሁም፣ ወፎቹ በእርግጥ ተመላልሰዋል። ጋሼ ደምሴ የእንግሊዝኛ መጽሔት አያነቡም። ኖርማ ጋርዴና አትሄድም። በሁለተኛው ቀን ከመጽሔቱ ለመጨረሻ እርማት የተላኩት ገጾች ደረሱኝ፤ ፊርማዬ ብቻ ነው የቀረው። እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። በሚያምር ሕትመት፣ በስሜ ሥር፣ "ያለ ማንም እገዛ" የሚል ሐረግ ነበር። እሱን ዘልዬ መፈረም አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ገጾቹንም ካርዱንም ደብተሮቼንም ይዤ ኖርማ ቢሮ ገባሁ።

እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ካርዱን ተቀበለችኝ።

"ይሄን 'የለም' ያለው ማነው?"

"እኔ።"

"ጠይቀሽዋል?"

"አልጠየቅሁም።"

ለምን አለችኝ። ለማስረዳት ሞከርኩ። አባቴ የሚሆኑ ሰው መሆናቸውን፣ በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው እንዲህ እንደማይፈተሽ፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር መኖሩን። በእንግሊዝኛ ሲነገር ሁሉም ሰበብ ይመስል ነበር።

"የላውንደሪው ባለቤት ከእሱ ያረጃል" አለች ኖርማ። "እሱን ጠይቀሽዋል።"

ስልኩን አንስታ እኔ ፊት ለመጽሔቱ አዘጋጅ ደወለች፤ ጽሑፉን እናነሳዋለን፣ ስህተቱ የኛ ነው አለች። የኛ ማለቷ ከስድብ ይብስ ነበር። የማንሻውን ደብዳቤ አንቺ ጻፊ፣ ምክንያቱንም ጨምሪበት አለችኝ። ከዚያ ደብተሬን ከፍታ በግራው ዓምድ በጣቷ እየተከተለች መውረድ ጀመረች። አንድ ቦታ ቆመች። ገለጠች፣ እንደገና ቆመች። ደብተሩን ወደ እኔ አዞረችው። "ሰውየው በግንቡ አጠገብ ሲያልፍ ወፉ ተከተለው" ይላል፣ በእጄ ጽሑፍ። ሌላም ገጽ ላይ። ሌላም። በቀኝ በኩል ሁሉም ጋ ባዶ ነው። ወፉ እኔን ጎጆ ስለምነካበት ራስ ራሴን ይነቁረኛል፣ እሳቸውን ግን እየተከተለ ይሄዳል፤ አይቼ ጽፌዋለሁ፣ ምን ማለት ነው ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

"ዓይንሽ ደህና ነው" አለችኝ። "አፍሽ ነው ያልሠራው።"

ከእሷ የሰማሁት ምስጋና ይህ ብቻ ነው።

ለሁለት ቀን ቢሮዋ እንድገባ አልፈቀደችም። በሦስተኛው ጠርታ፣ ሰውየው እኮ ሙከራ ሠርቶልናል፣ አንቺ ነሽ ያላወቅሽው አለችኝ። ጥያቄው ተለወጠ፦ አባት ብቻውን ሲቀር ምግብ ቢቀርብለት ይቀራል ወይ? እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በአንዳንድ ጎጆዎች አቅራቢያ ክዳን ላይ ትል እናስቀምጣለን፣ በሌሎቹ ባዶ ክዳን ብቻ። ክዳኖቹን ከእትዬ አሰለፈች ማድቤት ነው የሰበሰብኩት። ሁለት ዓመት ተጨማሪ ወሰደ። የመቆያ ወረቀቴን ለማራዘም ኖርማ በየስድስት ወሩ ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ እኔም ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እንቁራሪት ቀዶ ማየት አስተማርኩ።

በዚያ መሀል ጋሼ ደምሴ ድነው ወደ ፓርኪንጋቸው ተመለሱ። ከእንግዲህ ሥጋ እንዳያስቀምጡ መንገር ነበረብኝ። እውነቱን አልነገርኳቸውም። የጤና ኢንስፔክሽን ሊመጣ ይችላል አልኩ፤ ይህች ቃል እትዬ አሰለፈችን ወዲያው ዝም ታሰኛለች። እሳቸውም ኦኬ፣ ካልሽ ይቅር አሉ። የመጽሐፉን ነገር ሲጠይቁኝ ግን፣ ዘገየ፣ የፈረንጅ ነገር እንዲህ ነው እያልኩ አንድ ዓመት፣ ከዚያም ሁለት ዓመት። ምግብ ቤቱ ውስጥ የታክሲ ሾፌሮቹ፣ "ጋሼ፣ ስምዎ ደረሰ ወይስ ትራፊክ ያዘው?" እያሉ ይቀልዱባቸው ጀመር። እሳቸው አብረው ይስቃሉ። አንድ ቀን ምሳ ስበላ አጠገቤ ሆነው ይህን ሲባሉ፣ ቀና ብለው አላዩኝም። ያን ቀን የተሰማኝ ጽሑፉን ያነሳሁ ቀን ከተሰማኝ ይብስ ነበር፤ አፈርኩ።

የቀረው የሥራ ዘመኔ በአጭሩ ይነገራል። ተመረቅሁ። አሪዞና ሄጄ ድርጭት አጠናሁ፤ አለቃዬ ሁሉን ነገር በማሽን መቁጠር የሚወድ፣ መስክ የማይወጣ ሰው ነበር። ከዚያ ደሴቶቹ ላይ እንሽላሊት፣ ከዚያ ሙዚየሙ፣ ከዚያ ተመልሼ ማስተማር። ኖርማ የሞተችው እኔ አሪዞና ሳለሁ ነው፤ እርሳሷን ላኩልኝ፣ ሲባጎው ተበጥሶ ነበር። ብዙ ጽሑፍ አወጣሁ። ብዙዎቹ ትክክል ናቸው።

ሁለተኛው ጽሑፍ ግን ታትሞ የወጣው ገና ወደ አሪዞና ሳልሄድ ነው። ምግብ የቀረበላቸው አባቶች ቀርተዋል፣ ያልቀረበላቸው ሄደዋል፤ ዓለምን የሚገለብጥ ነገር አይደለም። መጽሔቱ በደረሰኝ ቀን ይዤው ፌርፋክስ ሄድኩ። ቀኑ ሰኞ ነበር፣ ፓርኪንጉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ጋሼ ደምሴ በጥበቃ ጎጇቸው ደጃፍ ወንበር ላይ ነበሩ። ገጹን ከፍቼ ሰጠኋቸው። የስማቸውን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል ተከተሉት።

"ልክ ጽፈሽዋል" አሉ።

ምን እንደሚል ተርጉሚልኝ አሉኝ። ምስጋናው ክፍል ውስጥ አይደለም ያለው፤ ኖርማ ነች ወደ ጥናቱ አካሄድ ክፍል ያስገባችው፣ እኔም አልተቃወምኩም። ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። "በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የቦታው ጠባቂ ደምሴ አበጋዝ ለወፎቹ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ምግብ ያስቀምጡ ነበር። አጥኚዋ አልጠየቀቻቸውም።"

"አጥኚዋ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። የመጀመሪያው ጽሑፍ መነሳቱን፣ ሁለቱን ዓመት፣ ኢንስፔክሽን ያልኩት ውሸት መሆኑን፣ ካርዱን። ካርዱንም ይዤው ነበር፣ "የለም" የሚለውን አሳየኋቸው። እንዳላስቀይምዎ ብዬ ነው አልኳቸው፤ ብዙ የተመረመሩ ሰው ነዎት፣ እኔም መጥቼ ብጠይቅዎ ደስ አይልዎትም ብዬ።

ካርዱን ገልብጠው አዩት። ጀርባው ባዶ ነው።

"ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። "እዚያ አገር የጠየቁኝ የማላውቀውን ነው። እዚህ ከገባሁ ደግሞ የት ላቁም ከማለት በቀር አንድ ሰው ምንም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። አንቺ ስትመጪ ጊዜ፣ ይቺስ ትጠይቀኝ ይሆናል ብዬ ነበር።"

መኪናዬ ሄጄ በርጩማዬን አመጣሁ፣ ባዶ ካርድም አመጣሁ። ከፊት ለፊታቸው ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ከቁጥር አንድ ጀመርኩ፣ ጮክ ብዬ፣ የላውንደሪውን ባለቤት እንደጠየቅሁት። እዚህ ቦታ ስንት ጊዜ ሆነዎት? በቀን ስንት ሰዓት ይውላሉ? ቀስ ብለው፣ ልክ ልኩን እየነገሩኝ መለሱ፤ ቃላቸውን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ጻፍኩ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ሁለታችንም ትንሽ ፈገግ አልን፤ እሱንም መለሱ። መኪና ገባ፣ ሄደው ፓርክ አስደርገው ተመለሱ።

አሥራ አንደኛው ጥያቄ፣ ያልጠየቅንዎ ሌላ ነገር አለ? ይላል። በዘጠኙ ቦታዎች ሰው ሁሉ የለም ብሎኝ ነበር።

"አለ" አሉ ጋሼ ደምሴ። ሰዓታቸውን አዩና የፓርኪንጉን መግቢያ በሰንሰለት ዘግተው ተመልሰው ተቀመጡ። "ብዙ አለ። ካርዱን ገልብጪው።"